ውጭ ተብላ የተቆጠረችው ክፍል

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንዴት ነሽ? እንዴት ከረምሽ? ሳልሽ ረገብ አለልሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ሰው ሲኖር አፍነሽው ሰው ሲሄድ ነው የምትለቂው? ጉልበትሽስ? ዓይንሽስ? ራስ ምታቱ ተመልሶ መጣ ወይስ ምሕረት አደረገልሽ? እህቴ፣ አናጺው ባሏ፣ ጥርስ የለሿ የልጅ ልጅሽ፣ አጎቴ ከነብስጭቱ፣ ሁሉም ደህና ናቸው ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሠራለሁ። በላክሁት ፎቶ ላይ ከሳች ብለሽ ያዘንሽው የሥራ ልብሴ ሰፊ ስለሆነ ነው። ውስጡ ያለሁት እኔው ነኝ፤ አልጎደልኩም።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በስልክ ሞክሬ ስላቃተኝ ነው። ስለ ወንድሜ ስለ ጉንጬ ክፍል አንድ ቃል ስተነፍስ መስመሩ ተበላሸ፣ አይሰማም ትዪና ስልኩን ለእህቴ ታቀብያታለሽ። መስመሩ ደግሞ ጥርት ያለ ነው፤ አጎቴ ከጓዳ ሆኖ ጫማዬን ማን አነሳው ብሎ ሲጮህ ሳይቀር ይሰማኛል። ወረቀት ግን መስመሩ አይበላሽም። መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው። ከከበደሽ አስቀምጪውና አረፍ ብለሽ ተመለሺበት፤ ብቻ ለሌላ ሰው አታስነብቢብኝ።

እህቴ ሁሉንም ነግራኛለች። አትቆጫት፣ አፋጥጬ ያናገርኳት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ደረትሽን አዳምጦ ሳንባዋ ተጎድቷል፣ ሌላ ብርድ ቢመታት የምትነሳ አይመስለኝም እንዳለ፣ ሙቅ ክፍል ውስጥ ተኚ እንዳለሽ፣ አንቺም እንደ ጨዋ ልጅ አንገትሽን ነቅንቀሽ እሺ ብለሽ ከወጣሽ በኋላ በዚያው ቀን ጉንጬ አልጋ ላይ፣ በሩንም መስኮቱንም ወለል አድርገሽ እንደተኛሽ ሰማሁ። በዚህ ውርጭ! ክፍልሽን እንዲያሞቅልሽ የላክሁልሽ የሙቀት ፓምፕ ደግሞ ከነካርቶኑ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ፣ የጠረጴዛ ልብስ ለብሶ፣ አበባ ተሸክሞ ይኖራል አሉኝ። አጎቴም ጫማውን የሚያስረው እሱ ላይ ቁጭ ብሎ ነው አሉ። አልዋሽሽም፣ ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አለቀስኩ።

ለእህቴ ያልሻትንም ሰምቻለሁ። እሳቱ ሳይታይ የሚመጣ ሙቀት ይቅርብኝ፣ ልጄን የወሰደብኝ የማይታይ ነገር ነው፣ ይሄስ ዕቃ የሚሞቀው የማንን አየር ወስዶ ነው ብለሻታል። እህቴ በዚህ ተናዳ ነበር፤ እኔ ግን አልተናደድኩም። ጥያቄሽ ጥያቄ ነው፣ እመልስልሻለሁ። ከዚያ በፊት ግን በቅርቡ በሥራዬ ላይ የገጠመኝን ላጫውትሽ፤ ከሰማሁትና ካየሁት በኋላ እንደ በፊቱ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው።

እማዬ፣ ጉንጬ የሚመጣው ወደ አንቺ ብቻ አይምሰልሽ። ወደ እኔም ይመጣል። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የሚመጣውም ወደ መኝታዬ አይደለም፤ ወደ ሥራ ቦታዬ ነው። የኛ ሥራ በሰው ቤት ምድር ቤት ገብቶ አሮጌውን ማሞቂያ መንቀልና አዲሱን መትከል ነው። አሮጌው ማሞቂያ ቁም ሣጥን የሚያህል ብረት ነው፤ ሆዱ ውስጥ እሳት ይነድዳል፣ እሳቱ ውሃ ያሞቃል፣ ውሃው በቧንቧ እየዞረ ክፍሎቹን ያሞቃል። እንግዲህ እንዲህ ያለ እሳት ያለበት ምድር ቤት ስገባ፣ ገና ዕቃዬን ሳላስቀምጥ ጉንጬ ከኋላዬ ቆሟል። ዞሬ አላየውም፤ እንዳለ ግን አውቃለሁ። ያቺን እጅጌዋ የረዘመችበትን ግራጫ ሹራብ ለብሶ፣ እጆቹን እጅጌው ውስጥ ሸሽጎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ። አይናገርም። ሥራዬን ጨርሼ ደረጃውን ስወጣ ቀድሞኝ እንዲወጣ ጥግ ይዤ መንገድ እለቅለታለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ሲያዩ ለዕቃው ቦታ የምለቅ ይመስላቸዋል።

እነሱ ያወጡልኝ ስም ‹አነፍናፊዋ› ነው። የትም ቤት ስገባ መጀመሪያ አየሩን እስባለሁ፤ ከዚያ መርዛማውን ጋዝ የሚለየውን መሣሪያ ደረቴ ላይ እሰካለሁ። ያ መርዝ ሽታ እንደሌለው፣ ማሽተት ምንም እንደማይጠቅም ከሁሉም የበለጠ የማውቀው እኔ ነኝ። ግን ለአፍንጫዬ ማን ይንገረው? ሲስቁብኝ አብሬአቸው እስቃለሁ። ለምን እንደማነፈንፍ አልነገርኳቸውም።

ብርዱ ሊገባ ሲል አንድ ትልቅ አሮጌ ቤት ደረሰን። ባለቤቱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ነው የሚኖረው፣ ልጅ የላቸውም። ሰውየው ሹፍርናውን አልተወም። በሩን ሲከፍትልን ኋላ ቦታ አለ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ ይለናል። ሳሎን ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ አንዲት ወንበር ላይ፣ ልክ መሪ እንደያዘ ሰው፣ ፊቱን ወደ መንገዱ መስኮት አድርጎ ይቀመጣል። ከመቀመጫው ሳይነሳ ዕቃችንን ይዘን ምድር ቤት እስክንወርድ ድረስ በዓይኑ ይሸኘናል። ወደድኩት።

እዚያ የተከልነው አዲሱ ዓይነት ነው፤ ሁለት ማሽን ተጋብቶ የሚሠራበት። አንደኛው ነዳጅ ሴል ይባላል፣ ምድር ቤት ይቀመጣል። ጋዝ ይገባለታል፣ ግን ጋዙን እንደ ምድጃ አንድዶ አይደለም የሚሠራው። ከጋዙ ውስጥ ሃይድሮጂን የሚባለውን ለይቶ ከአየር ጋር ያገናኘዋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ ሙቀትም ይወጣል፣ ውሃም በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ ይላል። አየር የሚስበውም የሚያስወጣውም በራሱ ቧንቧ ከውጭ ወደ ውጭ ነው። ሁለተኛው የሙቀት ፓምፕ ነው፤ ግቢ ውስጥ ይቆማል። እሱ የፍሪጅሽ ዘመድ ነው። ፍሪጅሽ ጀርባው ይሞቅ የለ? ከሆዱ ሙቀቱን እየለቀመ ወደ ጀርባው ይጥለዋል። ፓምፑ ደግሞ ከውጭው አየር፣ ብርድ ከምንለው አየር ሳይቀር፣ ያለችውን ሙቀት ለቃቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። ነዳጅ ሴሉ በሚያወጣው ኤሌክትሪክ ፓምፑን ያንቀሳቅሳል፤ ሙቀቱንም አይጥልም፣ የሙቅ ውሃ ጋኑን ያሞቅበታል። ብርዱ በርትቶ ፓምፑ ሲደክም ጋኑ ይደርስለታል። አንዱ በሌላው ትርፍ እየተዳደረ ቤቱ ከድሮው በጣም ባነሰ ጋዝ ይሞቃል።

ተክለን ስንጨርስ አሮጌው እሳት ጠፋ፣ አዲሱ ተነሳ። ምድር ቤቱ ጸጥ አለ። ከቱቦው ከሚንጠባጠበው ውሃ በቀር ድምፅ የለም። የዚያን ቀን ጉንጬ አልነበረም። ጠበቅኩት፣ አልመጣም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ዕቃ እንደረሳ ሰው ደረጃው ላይ ቆሜ ወደ ኋላ አየሁ፤ ባዶ ነው። ባልደረባዬ ምን ረሳሽ ሲለኝ ምንም አልኩት።

ብዙም ሳይቆይ ሾፌሩ ደወለ። ቤቱ አልሞቀም፣ ማሽኑም ለደቂቃ አያርፍም አለ። ሄደን አየን፤ ማሽኖቹ ደህና ናቸው። ተመልሰን ሄድን፤ ማጣሪያውን አጠብን፣ ቧንቧውን ፈተሽን፣ ፓምፑ ውስጥ ታሽጎ የሚዞረውን ማቀዝቀዣ ጋዝ ለካን፤ ምንም አላገኘንም። ነዳጅ ሴሉ ያለ የሌለ ኃይሉን ይሰጣል፣ ፓምፑ ይሮጣል፣ ጋኑ ይቀዘቅዛል፣ ቤቱ ግን እንደ በረዶ ቤት ነው። አለቃዬ ስሙን አንጠራውም፣ ‹አቶ ቁጥር› ነው የምንለው፤ ከቁጥር ሌላ ነገር አናግሮን አያውቅም። እሱ በቁጥሩ ቢያሰላ ቢያሰላ የሚገባው ሙቀት የት እንደሚሄድ ጠፋበት። በመጨረሻ ቤቱን በጭስ እንፈትሸው አለ።

ጭስ ሲባል አትደንግጪ። ዋናው በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ይገጠማል፣ በሮችና መስኮቶች ይዘጋሉ፤ ማራገቢያው አየር ወደ ውስጥ ይነፋል። ከዚያ አንድ ሰው እርሳስ የምታህል ጭስ የምታወጣ ዕቃ ይዞ ግድግዳ ግድግዳውን ይሄዳል። ቤቱ ቀዳዳ ካለው ጭሷ ወደዚያ ትሳባለች። ጭሷን ለእኔ ሰጡኝ። ሾፌሩ መስኮት ሁሉ ዝግ ነው ብሎ ማለልን፣ ከወንበሩም አልተነሳም።

ሳሎኑን ዞርኩ፣ ማድ ቤቱን ዞርኩ፤ ጭሷ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ነው የምትወጣው። ደረጃው ዘንድ ስደርስ ጎንበስ አለች። ተከተልኳት። ደረጃውን ስወጣ እየቀደመችኝ፣ እኔ ቀስ ስል እሷ እየፈጠነች፣ ላይኛው ፎቅ ኮሪደር ጫፍ ያለች አንዲት ዝግ በር ዘንድ ወሰደችኝ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ዝቅ ብላ በበሩ ስር ገባች።

በዚያች ሰዓት ጉንጬ መጣ። እሳት በሌለበት ቤት መጣ። ከኋላዬም አልነበረም፤ ከበሩ ወዲያ ነበር። ወለሉ ላይ ወድቄ ቁጭ አልኩ። እማዬ፣ የኛ በር ስር ጨርቅ ነበር። ጉንጬ ሞቶ ባደረበት ጠዋት በሩን የገፋሁት እኔ ነኝ፤ ጨርቁ ይዞ አስቸገረኝ። በትከሻዬ ነው የከፈትኩት። ብርድ እንዳይገባበት ብለሽ የራስሽን ነጠላ አጣጥፈሽ የጠቀጠቅሽው አንቺ ነሽ። ከሰሉን ያቀጣጠልሽለትም አንቺ ነሽ፤ ጉንፋን ጥሎት፣ ትኩሳት እያንቀጠቀጠው፣ በረደኝ ሲልሽ። ይኸው ተናገርኩት። ይህን ያህል ዘመን ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም አንናገርም። ከሰሉ ውጭ ጭሱን ጨርሶ ፍም ሲሆን ነው ያስገባሽው፤ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው። አደገኛው ያ ጭስ የሌለው፣ የጠራው ፍም እንደሆነ ማን ነግሮን ያውቃል? እኔ እናት ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ያንኑ ጨርቅ እጠቀጥቅ ነበር። ማንም አልወቀሰሽም፤ አባቴ እንኳ እስኪሞት ድረስ አንዲት ቃል አልወጣውም። የምትወቅሺው ራስሽ ብቻ ነሽ፤ እንደ ሥራ ይዘሽዋል፣ ዕረፍት እንኳ አትወጪም።

ሾፌሩ ወጥቶ ወለሉ ላይ አገኘኝ። ሰው ሲወድቅ ማየት የለመደ ነው መሰለኝ ሳይጮህ አጠገቤ ቁጭ አለ። አመመሽ ወይ አለኝ፤ የለም አልኩት። በሩን ክፈትልኝ ስለው ከአንገቱ በክር ያንጠለጠለውን ቁልፍ አውጥቶ ከፈተው። የሚስቱ ክፍል ነው። አልጋው ተነጥፏል፣ ጫማዋ ከአልጋው ስር ነው። መስኮቱ እስከ ጥጉ ተከፍቷል፤ ከስሩ ያለው ማሞቂያ ደግሞ ይግላል፣ ሙቀቱን ሁሉ ለሰማይ እየሰጠ። መጋረጃው ከዝናብ ብዛት ሻግቷል፤ ተጋርዶ ስለሚውል ከግቢ ሆነን ስናይ መስኮቱ የተዘጋ መስሎን ኖሯል። ለካ ከአቶ ቁጥር ስሌት የጠፋው ሙቀት የሚሄደው እዚህ ነው።

ያጫወተኝ እንዲህ ነው። ሚስቱ የሞተችው በመተንፈስ ችግር ነው። መጨረሻ ላይ መስኮቱን ክፈትልኝ፣ አየር አጠረኝ እያለች ትለምነው ነበር፤ ሐኪሞቹ ብርድ ይገድላታል ስላሉት አልከፈተላትም። እሷ ሞተች፣ እሱ ከፈተው። ከዚያ ወዲህ ዘግቶት አያውቅም። ድሮ ማሞቂያው እሳት ስለነበረ ብዙ ጋዝ እየበላም ቢሆን ይችለው ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር መጣበት። ፓምፑን የተከልነው ሳናውቅ ልክ ከዚያ መስኮት ስር ነው። ፓምፑ በብርድ ብዙ ሲሠራ ገላው ላይ በረዶ ይይዛል፤ ያን ጊዜ ቆም ይልና በረዶውን ለማቅለጥ እፍፍፍ ብሎ ረጅም ትንፋሽ ያወጣል፣ እንፋሎቱም ተነስቶ በመስኮቱ ፊት ያልፋል። ሾፌሩ ያንን ሲሰማ ሚስቴ ናት አለ። እንደገና አየር አጠራት አለ። ስለዚህ የክፍሏን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈተላት እንዳይበርዳት፣ መስኮቱንም የቀረውን ከፈተላት እንዳይጨንቃት። እሱ በከፈተ ቁጥር ማሽኑ ይበረታል፣ ማሽኑ በበረታ ቁጥር በረዶ ይይዛል፣ በረዶ በያዘ ቁጥር ይተነፍሳል። እሷ ባቃሰተች ቁጥር እሱ ይከፍታል። እንዲህ ሲዞሩ ነው የከረሙት፣ እሱና ማሽኑና ሟቿ።

ነገሩን አስረዳሁት። በረዶ ነው፣ የማሽኑ ጠባይ ነው፣ ሁሉም እንዲህ ይተነፍሳሉ አልኩት። በትሕትና ሰማኝ፣ መንገድ የሚመራውን ተሳፋሪ እንደሚሰማ ሾፌር። ከዚያ ይሄንንማ ጠርጥሬ ነበር፣ ግን እሷ ብትሆንስ አለኝ። እኔ ራሴ ከደቂቃዎች በፊት ወለሉ ላይ ለማን ነው የወደቅሁት? መስኮቱን ዝጋው የሚል ቃል አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ያንን ቃል ለእሱ ብናገረው ለአንቺም እንደተናገርኩት ሆኖ ተሰማኝ፤ አንቺ ደግሞ ያን ቃል ብትሰሚ ስልኩን ለእህቴ ነው የምታቀብዪው።

መኪና ውስጥ ለአቶ ቁጥር እንዳለ ነገርኩት። ይቆጣል፣ ቤቱ ፈተናውን ወድቋል ብሎ ይጽፋል ብዬ ነበር። እሱ ግን የቤቱን ንድፍ ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። እስክሪብቶውን አውጥቶ የዚያችን ክፍል ግድግዳ ዙሪያዋን በደማቁ አሰመረ። ይቺ ክፍል ውጭ ናት አለ። ምን ማለት ነው ስለው፣ ከቤቱ ቁጥር አውጧት፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ግቢ ቁጠሯት፣ የቤቱ የውጭ ግድግዳ ይሄ በኮሪደሩ በኩል ያለው ነው አለኝ። ከዚያ ሬዲዮውን ከፍቶ መንዳት ጀመረ። እኔ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እንባዬን ጠረግሁ። ሰውየው ልብ አለው ብዬ አላውቅም ነበር።

እንዳለውም አደረግነው። የክፍሏን ማሞቂያ ቧንቧውን ቆርጠን ዘጋነው። በኮሪደሩ በኩል ያለውን ግድግዳ ብርድ በማያሳልፍ ወፍራም ንጣፍ ሸፈንነው፤ በሩንም እንዲሁ፣ ዙሪያውን ጎማ አድርገን፣ የመንገድ በር እንደምንሠራ ነው የሠራነው። መስኮቱን አልነካነውም። አልጋዋንም ጫማዋንም አልነካንም። ሾፌሩ ቆሞ ሲያየን ቆየና መጋረጃውን ብቻ አውርዱልኝ፣ እርጥብ ስለሆነ እየመታ ይጮኻል አለ።

ሰንበት ብዬ ሥራውን ለማየት ሄድኩ። ቤቱ ሞቋል። ሾፌሩ ካፖርቱን አውልቆ በሸሚዝ ነው የተቀበለኝ፤ ለካ ትከሻው ያን ያህል ጠባብ ነው። ፓምፑ አልፎ አልፎ ነው የሚነሳው፣ ትንፋሹም ከስንት አንዴ ነው። ሾፌሩ የነገረኝን ልንገርሽ። መጀመሪያ በሞቀው ክፍል በሩን ዘግቶ ቀትር ላይ ጋደም ሲል ፍርሃት ያዘው። ተነስቶ ወጣና የእሷን በር በእጁ ዳሰሰው። ከፍቶም ገባ። ውጭ ነው፣ ነፋስ አለ፣ አየሩ እንዳለ ነው። ተመልሶ ወርዶ ተኛ። አሁን ድምፅዋን አልሰማም፣ ጠግባ ተንፍሳ ተኛች አለኝ። እኔም ማሽኑ ስለቀለለው ነው አላልኩትም። ባውቅም አላልኩትም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ዕቃው የሚሞቀው የማንን አየር ወስዶ ነው ብለሻል። የማንንም አይወስድም። ለአንቺ የላክሁት ፓምፑን ብቻ ነው፤ ነዳጅ ሴል የለውም፣ የሚነድ ጋዝ አይገባለትም፣ ፍም የለው፣ ነበልባል የለው። አንዱ ክፋይ ውጭ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፣ አንዱ ውስጥ ይሆናል፤ የሚገናኙት በሁለት ቀጫጭን የመዳብ ቧንቧ ነው። የውስጡ የክፍልሽን አየር ስቦ፣ አሙቆ፣ ያንኑ አየር ይመልስልሻል። አንድ ትንፋሽ አያጎድልብሽም። በዚያ ላይ መርዙን የሚለየውን መሣሪያ አብሬ ልኬአለሁ፤ ደረቴ ላይ የምሰካው ዓይነት ነው። ዕቃው ባያስፈልገውም ለአንቺ ልብ ነው የላክሁት። ከአልጋሽ ራስጌ ስቀዪው። የማይታየውን አይቶ ይጮሃል።

የጉንጬን መስኮት ግን ዝጊ አልልሽም። አልዘጋውም፣ ማንም አይዘጋውም። አናጺው በእናንተ ኮሪደር በኩል ያለውን ግድግዳና በሩን ይሸፍነው፤ ንጣፉ ከካርቶኑ ጋር አለ፣ አሠራሩን በስልክ አስረድቼዋለሁ። ያለ እማማ ፈቃድ አንዲት ሚስማር አልመታም ብሎኛል፤ አማቱን ይፈራል፣ እንዴትስ አይፈራ። ክፍሉ ውጭ ይሁን። ዝናብ ይግባበት፣ ወፍ ይግባበት። አልጋው እዚያው ይቀመጥ፣ ግራጫ ሹራቡም ሚስማሩ ላይ ይንጠልጠል። በፈለግሽ ጊዜ ካፖርትሽን ደርበሽ ግቢ፣ ተቀመጪ፣ አልቅሺ፣ አጫውቺው። ስትጨርሺ ወጥተሽ በሩን ዝጊና ሙቀትሽ ውስጥ ተኚ። ክፍት መስኮት ስር ስትተኚ አየር እየሰጠሽው ይመስልሻል፣ አውቃለሁ። እማዬ፣ እሱ አየር አጥሮት የሞተው ድሮ ነው። አሁን አየር እያጠረው ያለው የአንቺ ደረት ነው። እኔ ያንን በር በትከሻዬ አንድ ጊዜ ከፍቻለሁ፤ ሁለተኛ የምከፍትበት ትከሻ የለኝም።

አስቢበትና እሺ በዪኝ። እሺታሽንም በስልክ አልፈልግም፤ አናጺውን ጥሪና ጀምር በዪው፣ እሱ ይነግረኛል።

ለእህቴ ሰላም በዪልኝ፤ አፏ ስለማይዘጋ ፈጣሪ ይባርካት፣ ባትናገር ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር። ለአናጺው ሰላም በዪልኝ፤ መዶሻውን ያዘጋጅ። ለጥርስ የለሿ ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ የበቀለ ጥርስ ካለ ፎቶ ትላክልኝ። አጎቴን ሰላም በዪልኝና ካርቶኑ ሲነሳ ጫማውን የሚያስርበት በርጩማ አናጺው እንደሚሠራለት ንገሪው፤ ለመበሳጨት አይቸኩል። ለጎረቤታችን ለነርሷ፣ እየመጣች ስለምታይሽ፣ ምስጋናዬን አድርሺልኝ።

ጉንጬንም ሰላም በዪልኝ። ክፍሉ የራሱ ነው፣ መስኮቱም አይዘጋበትም በዪው። እናቴን ግን ይልቀቅልኝ።

የምትወድሽ መካከለኛዋ ልጅሽ

ከተከራየኋት ክፍል፣ ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ በላይ
ጥር ፲፯ ቀን